በለስ የሞላው ሣህን

ኻንኬ የተፈናቃዮች ሰፈር፣ ኖቬምበር 14 ቀን 2017

ለወንድሜ ልጅ ለበርጀስ ኸለፍ፤ ጼለ፣ ጀርመን።

ፈጣሪ መልካሙን ነገር አስቀድሞ ለሰባ ሁለቱ ሕዝቦች፣ ከዚያም ለእኛ ለኤዚዲዎች ይስጥ። ጸሎታችን በዚህ ቅደም ተከተል ነውና እኔም አላፋልሰውም። የመልአኩ የታውሲ መለክ ክንፍ በአንተ፣ በባለቤትህ በሲቬና በጨቅላው ልጅ ላይ ይዘርጋ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ባለቤቴ ዘሪፌ ደግሞ ከምላሷ በቀር ሁለመናዋ ደክሟል።

ወንድ ልጅ መወለዱን፣ ስሙም በአባትህ ስም ኸለፍ መባሉን የገለጽህበት ደብዳቤ ከፎቶግራፉ ጋር ደርሶኛል። ደስታዬን ከመግለጤ በፊት አንድ ነገር ላሳስብህ። ደብዳቤህ ሁለት ገጽ ሲሆን ዐረፍተ ነገር የተዘጋው አራት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ሐሳቡን የት እንደሚያቆም የማያውቅ ሰው እግሩንም የት እንደሚያቆም አያውቅም። “ስልክ ያንሡልኝ” ማለትህንም አልቀበልም። ድንኳን ውስጥ የሚነገር ነገር የሰፈር ንብረት ነው፤ ሸራ ጆሮ አለው። በወረቀት ጻፍና በመንገደኛ እጅ ላክልኝ።

ሣህን ባዶውን አይመለስምና ለፎቶግራፉ ምላሽ ከቅዱሱ ስፍራችን ከላሊሽ የመጣ የተባረከ አፈር ልኬልሃለሁ። እዚያ ብዙ ስለቆየህ ረስተኸው እንደሆነ፣ በእኛ ዘንድ የጎረቤትን ሣህን ባዶውን የሚመልሰው ሞት የገባበት ቤት ብቻ ነው።

ያቺን የ2014 የኦገስት ሌሊት ዛሬ አላነሣትም። አባትህና እናትህ ከመንደራችን ከግርሶር በታች ባለው ጉድጓድ ቀርተዋል፤ እኅትህን ሃድላን በአሥራ ሦስት ዓመቷ ባለ ጥቁር ባንዲራዎቹ ወስደዋታል። እኔም ስወጣ በራችሁን በጡጫዬ ደብድቤ መልስ እንዳጣሁ ከዚህ በፊት ጽፌልሃለሁ። የተጻፈ ነገር ሁለት ጊዜ አይጻፍም።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ልጁ መገረዝ አለበት። ሲገረዝ የሚቀመጥበት ጭን፣ ደሙም የሚፈስበት ልብስ ያስፈልጋል። ልብሱ የማን እንደሚሆን አስበሃልን? አያቶቻችን ክሪቭን፣ ማለትም የደም አበልጅን፣ ከሃይማኖታችን ውጭ የመረጡት ያለ ምክንያት አልነበረም። ጠላት ሊሆን የሚችለውን ሰው በልጃችን ደም ዘመድ እናደርገዋለን፤ ከዚያ ወዲያ በሁለቱ ቤቶች መካከል ጋብቻ የለም፣ ቂም የለም፣ ክስ የለም። የእኔን ልጆች ሐጂ ተይብ በጭኑ እንደያዘልኝ ታውቃለህ። ሐጂ ዐርፏል፤ ልጁ ሰርበስት ግን ዛሬ በዱሆክ በኩርዶች ጦር ባለ ትልቅ ማዕረግ ነው። ትንሹን ኸለፍን በጭኑ ለመያዝ ፈቃደኛ መሆኑን በራሱ አንደበት ነግሮኛል። “እናንተ ኤዚዲዎች የኩርዶች ሁሉ ሥር ናችሁ፤ ቅርንጫፍ ሥሩን አይረሳም” አለኝ። በደንብ የተገነባ ንግግር ነው።

ለክረምቱ የነዳጅ መግዣ ብትልክ አልቃወምም። ግን አልጠየቅሁህም።

አጎትህ፣ መምህር ደኺል ራሾ

——

ጼለ፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 2018

ለተከበሩ አጎቴ ለመምህር ደኺል፤

እጅዎን እየሳምሁ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የማለዳዋ ፀሐይ ሁልጊዜ ፊትዎን ታግኘው። ልጁ ጥርስ ማውጣት ጀምሯል። የነዳጁን ገንዘብ ይህን ደብዳቤ ከሚያደርስልዎ ሰው ይቀበሉ።

ስለ ክሪቩ የጻፉትን ለሲቬ አነበብሁላት። ወሬው ከእኔ ቀድሞ እዚህ ካለው የኤዚዲዎች ማኅበራችን አዳራሽ ደርሶ ኖሯል። እሑድ ዕለት የግርሶሯ አሮጊት፣ አክስት ኖፌ፣ በሰው ሁሉ ፊት ጠራችኝ።

“አንተ! ልጅህን በሰርበስት ጭን ልታስቀምጠው ነው አሉ?”

“ማን አለሽ?”

“ሰው ነዋ። ተጠንቀቅ የኔ ልጅ። ያ ጭን ተነሥቶ መሮጥ ይወዳል።”

አዳራሹ በሙሉ ሣቀ፤ እኔም ሣቅሁ። ከዚያ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ብዙ ተቀመጥሁ።

አጎቴ፣ ሰርበስት በዚያች ሌሊት የግርሶር ኬላ አዛዥ ነበር። “እኛ እያለን አንዲት ዶሮ አትነካባችሁም” እያለ ስንት ወር ሻያችንን የጠጣ ሰው ነው። አባቴ ጎህ ሲቀድ ደወለልኝ። “በርጀስ፣ ኬላው ባዶ ነው። ድስታቸው እሳት ላይ ተጥዷል፤ ሰው ግን የለም” አለኝ። ከዚያ በኋላ የሰማሁትን ለማንም አልናገርም። ሲቆጥሩን ኩርዶች ነን፤ ሲሸሹ ግን ኤዚዲዎች ነበርን።

አሁን ደግሞ እውነቱን ልንገርዎ። ስለዚያች ሌሊት የሚመረምሩ የሕግ ሰዎች አሉ፤ አቤቱታዬን ተቀብለውኛል። ከግርሶር ሰዎች ባለ ደም ሆኖ በሰርበስት ላይ የከሰሰ እኔ ብቻ ነኝ። ሌሎቹ ዘመዶቻቸው በእናንተ ድንኳኖች ስላሉ ይፈራሉ። ልጄ በጭኑ ላይ ከደማ ግን አፌ ይዘጋል። ይህን እርስዎም ያውቃሉ፤ እሱም ያውቃል። የጭኑ ፍቅር ከየት እንደመጣ እኔም ዐወቅሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ለመጠየቅ አይደለም። አባቴ እንቅልፉ ቀላል ነበር። ድመት በጣሪያ ስታልፍ ይነቃ ነበር።

የወንድምዎ ልጅ፣ በርጀስ

——

ኻንኬ፣ ማርች 3 ቀን 2018

ለበርጀስ፤

ፈጣሪ መልካሙን አስቀድሞ ለሰባ ሁለቱ ሕዝቦች፣ ከዚያም ለእኛ፣ ከዚያም ማስተዋልን ለሚያስፈልገው ሁሉ ይስጥ።

ደብዳቤህን ቀይ እርሳስ ይዤ አነበብሁት። በእኔ ዕድሜ ዘሬ ሦስት ጊዜ ተለውጧል። በቀድሞው መንግሥት መታወቂያዬ ላይ “ዐረብ” ተብሎ ተጻፈ፤ ደመወዝ ተቀበልሁበት። መንግሥቱ ሲወድቅ “የኩርዶች ሥር” ተባልሁ፤ ጡረታዬን አስከበርሁበት። አሁን ደግሞ አንተ ከጼለ ተነሥተህ “ኤዚዲ እንጂ ሌላ አይደለህም” ትለኛለህ፤ በዚህኛው ምን እንደማገኝበት ግን አልጻፍህልኝም። ሦስቱም ስሞች ሲጠሩኝ “አቤት” ብያለሁ። “አቤት” ያላሉት ከግርሶር በታች ተኝተዋል።

ስለ ኬላ ትጽፍልኛለህ። አንተ በዚያች ሌሊት የት ነበርህ? የሰው መታጠቢያ ቤት ወለል ልታነጥፍ ጀርመን ሄደህ ነበር። አባትህ በሞቱ ሰዓት የደወለው ሊደርስለት ለሚችል ሰው አልነበረም፤ ስልኩን ለሚያነሣ ሰው ነበር። ባለ ደም መሆን እንደዚያ ከሆነ እጅግ ቀላል ነገር ነው። ስለ አባትህ እንቅልፍም ከእኔ ጋር አትከራከር። እሱ ሲወለድ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

በአዳራሻችሁ ስለ ጭን የቀለደችው ኖፌ ስንሸሽ በሽንጋል ተራራ ላይ ውሃ ያገኘችው በማን መኪና እንደነበር ጠይቃት።

ስለ ሃድላ ወሬ አለ። በአግባቡ ስትጽፍልኝ በአግባቡ እነግርሃለሁ።

ደኺል ራሾ

——

ጼለ፣ ማርች 17 ቀን 2018

አጎቴ፣

ምን ወሬ? በሕይወት አለች? ይህን ብቻ ይንገሩኝ፤ ሌላውን ይተዉት። ስልክዎን ዘግተውታል። የዘሪፌም አይሠራም። ጎረቤትዎ ጋ ደውዬ “መምህሩ ተኝተዋል” አለኝ፤ በማግስቱም ደውዬ “ተኝተዋል” አለኝ። ስላስቀየምሁዎ ይቅርታ። በቀዩ እርሳስዎ የፈለጉትን ይሰርዙ። እኅቴ በሕይወት አለች ወይስ የለችም?

በርጀስ

——

ኻንኬ፣ ጁን 24 ቀን 2018

ለወንድሜ ልጅ ለበርጀስ፤

ፈጣሪ መልካሙን አስቀድሞ ለሰባ ሁለቱ ሕዝቦች፣ ከዚያም ለእኛ ይስጥ። ልጁ መዳህ እንደ ጀመረ ሰምቼ ደስ ብሎኛል።

የማርች ደብዳቤህ በዚያው ወር ደርሶኛል። መልሱን ያዘገየሁት ሆን ብዬ ነው። የተቆጣ ሰው አይመክርም፤ የተጨነቀ ሰው ግን ያዳምጣል።

ሃድላ በሕይወት አለች። ከሶርያ ድንበር ማዶ በበረሃ ባለው የድንኳን ከተማ፣ በሌላ ስም፣ በጥቁር ልብስ ተሸፍና፣ ከሞቱት ወንበዴዎች ሚስቶች መካከል ትኖራለች። ማንነቷን ለማንም አልተናገረችም፤ የተናገረችው እግሯ ነው። አንድ ቀን ሐኪም ቤት ስትገባ ደፉን ሳትረግጥ ተሻገረች፤ ስትወጣም እንዲሁ። እዚያ የምትሠራ ሴት የእኛን ሰዎች ልማድ ታውቅ ኖሮ ዐይኗን ጣለችባት። ሴትዮዋ ለባሏ ነገረች፤ ባሏ ለሰርበስት ነገረ። አራት ዓመት ሙሉ ስሟን የወሰዱባትን ሰዎች ደፍ እንኳ አልረገጠችም። እኔ ነኝ ያስተማርኋት።

ሰርበስት እዚህ ድንኳኔ ድረስ መጥቶ ነገረኝ። ንግግሩን እንዳለ እጽፍልሃለሁ፤ አልጨመርሁበትም፣ አልቀነስሁለትም።

“ልጅቷን ላስወጣት እችላለሁ፣ ክሪቬ” አለኝ።

“ምን ትፈልጋለህ?”

“ኧረ ምንም! ለዘመዴ ዋጋ እጠይቃለሁ እንዴ? ያሳፍራል።”

“እንግዲያስ አውጣት።”

“እሱማ ዘመዴ ስትሆን ነው። እርስዎ ዘመዴ ነዎት። ወንድምዎ ኸለፍ ግን ነፍሱን ይማረውና ልጆቹን ያስገረዘው በሌላ ሰው ጭን ነበር። የእሱ ቤት ለእኔ ምኔ ነው? አገር ለአገር ሰው ስፈልግ ልኑር?”

“የልጅ ልጁ ደም ጭንህ ላይ ቢፈስስ?”

“ደሙ ሳይደርቅ እነሣለሁ” አለኝ። ሻዩንም ጨርሶ ሄደ።

የሰማሁት ይህ ነው። ክሪቭ በክሪቩ ላይ እንደማይከስስ ማስታወስ አያስፈልገኝም፤ አቤቱታህ የት እንደሚወድቅ ታውቃለህ። በአንድ በኩል በጉድጓድ ውስጥ ያሉ፣ የማይመለሱ ሰዎች ደም አለ። በሌላው በኩል በየቀኑ ደፍ የምትሻገር ልጅ አለች። ሒሳብ የሚያስተምሩት ሌሎች ነበሩ፤ እኔ የቋንቋ አስተማሪ ነኝ።

በኦክቶበር ከሚውለው የላሊሽ በዓል በፊት ይሁን። በረሃው በክረምት ሰው ይጨርሳል ይላሉ።

አጎትህ ደኺል

——

ጼለ፣ ጁላይ 9 ቀን 2018

ለተከበሩ አጎቴ፤

እጅዎን እስማለሁ። እመጣለሁ። ልጁንም አመጣለሁ።

ሲቬ መጀመሪያ እንደ ሰው አናገረችኝ።

“በልጅህ ደም እኅትህን ልትገዛ ነው?”

“አዎ።”

“የአባትህንስ ደም ምን ልታደርገው ነው?”

“እሱንም እተውላቸዋለሁ።”

“እሺ። ተመልሰህ ስትመጣ ግን የደማበትን ጨርቅ እኔ እንዳላጥበው” አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ ወተትና ስለ ሽንት ጨርቅ ብቻ ነው የምታናግረኝ።

ለሕግ ሰዎቹ አቤቱታዬን እንዳነሣሁ ጻፍሁላቸው። ከእነሱ አንዷ ደውላ “ያስፈራራህ ሰው አለ?” አለችኝ። “የለም፤ ዘመድ አግኝቼ ነው” አልኋት። እንዳልገባት ዐወቅሁ፤ እኔም አላስረዳኋትም።

አንድ ልመና አለኝ። ደሙ ከመፍሰሱ በፊት በስልክም ቢሆን የሃድላን ድምፅ አሰሙኝ። ስሜን ብቻ ትጥራ።

በርጀስ

——

ኻንኬ፣ ዲሴምበር 2 ቀን 2018

ለወንድሜ ልጅ ለበርጀስ፤

ፈጣሪ መልካሙን አስቀድሞ ለሰባ ሁለቱ ሕዝቦች፣ ከዚያም ለእኛ ይስጥ። በዚህ ዓመት ለእኛ የደረሰው ድርሻ ከወትሮው የበለጠ ነበር።

በሴፕቴምበር የተደረገው ሥነ ሥርዓት በሁሉም ዘንድ ተመስግኗል። ልጁ የጮኸው እንደ ወንድ ነበር። ሰርበስት ነጭ ልብስ ለብሶ መምጣቱ የሚያስመሰግነው ነው፤ ደሙ ጎልቶ እንዲታይ ያደረገው እሱ ነው። ፎቶግራፉ በዱሆክ በብዙ ቤቶች ተሰቅሏል። ለአንተ የሰጠሁህን በክብር ቦታ አስቀምጠው። ድምፅዋን ሳትሰማ በመሄድህ ቅር እንዳለህ ዐውቃለሁ። ሰርበስት “ጎበዝ፣ ደረሰኝ ይፈልጋል እንዴ?” ብሎ ስለ ሣቀ ነገሩን አላነሣሁበትም።

ቃሉን ግን ጠብቋል። አንተ በተመለስህ በሳምንቱ ሃድላ መጣች። ወደ ላሊሽ ወሰድናት፤ በነጩ ምንጭ ውሃ ራሷን አጠቡላት፤ እንደ ገና የእኛ ሆነች። ሥርዓቱ አንዲት ነገር አልጎደለበትም።

የጎደለው ከእሷ በኩል ነው። ከዘሪፌ ጋር ጥቂት ታወራለች፤ ከእኔ ጋር አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ድንኳኑ አንድ ሆኖ ሳለ ገበታዋን ለየች። ከሽንጋል ተራራ ዘመድ የላከልንን የደረቀ በለስ ዘሪፌ በሣህን አድርጋ ብታቀርብላት፣ ወደ ውጭ ሮጣ አስመለሰች። በምስጋና ፈንታ ትውከት ሲመለስልኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ሐኪም “ሆድ ነው” አለ፤ እኔ ግን አስተዳደግ ነው እላለሁ፤ አራት ዓመት የወንበዴ አስተዳደግ።

ክሪቭነቱንም አስረዳኋት። የትንሹ ኸለፍ ደም ከፈሰሰ ወዲህ የኸለፍ ቤት አፍ በሰርበስት ላይ ተዘግቷል፤ የእሷም አፍ የዚያው ቤት አፍ ነው። ይህን ስነግራት ቀና ብላ አየችኝና ሣቀች። ከመጣች ጀምሮ ስትሥቅ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ቦታውን የማያውቅ ሣቅ ነበር።

በፌብሩዋሪ ወደ አንተ ለመምጣት ፈቃድ አግኝታለች። አደራ፤ እዚያ ስትደርስ ስለ ድሮው ነገር ባታስወራት ይሻላል። አእምሮው የታመመ ሰው ያላየውን አየሁ፣ ያልሰማውን ሰማሁ ይላል። ይህን አስቀድሜ የምጽፍልህ ለእሷው ብዬ ነው።

አጎትህ ደኺል

——

ጼለ፣ ሜይ 5 ቀን 2019

ደኺል፤

ሰላምታ የለውም። አንቱታውንም ትቼዋለሁ፤ በቀይ እርሳስህ ልትመልሰው ትችላለህ።

ሃድላ ፌብሩዋሪ ላይ መጣች። አደራህን ጠበቅሁ፤ አላስወራኋትም። ሁለት ወር ትንሹን ኸለፍን አቅፋ በመስኮት በኩል ስትመለከት ቆየች። በአፕሪል፣ በአዲስ ዓመታችን በቀዩ ረቡዕ፣ ሲቬ እንቁላል እያቀለመች ሳለ ሃድላ መደርደሪያው ላይ ያለውን ፎቶግራፍ አነሣች። በክብር ቦታ አስቀምጠው ብለኸኝ አልነበር?

“ይሄ ሰውዬ ማነው?”

“ሰርበስት ነው። የልጁ ክሪቭ።”

“እኮ የልጁ ክሪቭ ይሄ ነው?”

“ምነው፣ ታውቂዋለሽ?”

“በዚያን ቀን ማታ አጎታችን ቤት ነበር። እኔ ሣህን ይዤ ስገባ እዚያው ፍራሽ ላይ ተቀምጦ ነበር።”

የሲቬ እጅ ቀለሙ ውስጥ ቀረ። የቀረውን ሃድላ ራሷ ትጽፍልሃለች፤ ከእኔ በታች ያለው የእሷ እጅ ነው። ስሕተቷን አላረምሁትም። ከአሥራ ሦስት ዓመቷ በኋላ ትምህርት ቤት አልገባችም፤ ምክንያቱን ታውቀዋለህ።

ባለፈው እሑድ የግርሶር ሰዎች በአዳራሻችን ተሰብስበው ሳለ ተነሥታ ተናገረች። በሰርበስት ላይ አልመሰከረችም፤ ስሙን እንኳ አልጠራችም። “እንግዳ ነበር” ብላ አለፈች። የልጄ ደም በልብሱ ላይ ነውና፣ እኔም እንደ ሞኝ ሸጬዋለሁና፣ ሕጉን ጠበቅን። አንተ ግን ክሪቫችን አይደለህም፤ የአባታችን ወንድም ነህ። በወንድም ላይ መመስከርን የሚከለክል ሕግ የለንም። ሕጉን የሠሩት አያቶቻችን አደጋው ከደጅ እንጂ ከቤት ይመጣል ብለው አላሰቡም ይሆናል።

አንድ ሰው ብቻ “በራቸውን ደብድቤ ነበር ይል አልነበር?” ብሎ ጠየቀ። ሃድላ “ነቅተን ብንሆን እንሰማ ነበር፤ እንድንተኛ ያደረገን ግን እሱ ነው” አለችው። በመጨረሻ አክስት ኖፌ በትሯን ተደግፋ ተነሣች። “ደኺል ሲሞት ሬሳውን ራሱ ይሸከመው” አለች። ከዚህ በኋላ ከግርሶር ሰው አንድ እንኳ ሐዘንህ ላይ አይቀመጥም፤ አፈር አይመልስብህም። ልጆችህም ሰምተዋል፤ ትልቁ ልጅህ በስልክ “እውነት ነው?” ብሎኝ “አባትህን ጠይቀው” ብየዋለሁ። እስካሁን ካልጠየቀህ መልሱን ዐውቆታል ማለት ነው።

መልካሙን አስቀድሞ ለሰባ ሁለቱ ሕዝቦች፣ ከዚያም ለእኛ። ጸሎቱን ያስተማርኸኝ አንተ ነህ። በዚያች ሌሊት ግን ቅደም ተከተሉን አፋለስኸው፤ አስቀድመህ ለራስህ፣ ከዚያም ለማንም።

በርጀስ

——

አጎቴ፣

እኔ ሃድላ ነኝ። እርስዎን አንተ ማለት አልችልም፣ አፌ እምቢ አለኝ።

ያን ቀን አባቴ ሲጨነቅ ዋለ። እንውጣ አንውጣ ይል ነበር። ደኺል የተማረ ነው እሱ ከወጣ እንወጣለን አለ። እናቴ እርጎ በሣህን አድርጋ ሰጠችኝ። ሂጂና ምን እየሠሩ እንደሆነ አይተሽ ነይ አለችኝ።

ደፉን ስሻገር ሰውየው ሲያወራ ሰማሁ። ጎህ ሳይቀድ ውጡ ለማንም እንዳትናገሩ መንገዱ ከተጨናነቀ እኛም አናልፍም አለ። እርስዎ በልጆቼ ደም ብለው ማሉለት። እኔን ሲያዩ ዝም አላችሁ። የት ልትሄዱ ነው ስልዎ ለዝያራ ወደ ላሊሽ ነው አንድ ቀን አንቺንም እወስድሻለሁ አሉኝ። ልጅ ነበርኩ አመንኩ።

ሁልጊዜ ሣህን የምታጥበው ዘሪፌ ነበረች። ያን ቀን እርስዎ ተነሥተው አጠቡት። በለስ እስከ አፉ ሞሉበት። ከላይ ትልልቁን አደረጉ። ለአባትሽ ነገ ጠዋት ሻይ አብረን እንጠጣለን በይው አሉኝ።

አባቴ ሣህኑን አይቶ ሣቀ። ደኺል በለስ እየመረጠ ያካፍላል እኛ እዚህ በፍርሃት እንሞታለን በሉ ተኙ አለ። አንዱን በለስ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ለእናቴ ሰጣት።

ምለው ነበር። ይገባኛል። መሐላ አይፈርስም። እኔም አራት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ምዬ አላፈረስኩም።

ግን ሣህኑን ባዶውን ቢሰጡኝ ኖሮ። ምንም ሳይናገሩ። መሐላዎም አይፈርስም ነበር። እናቴ ባዶ ሣህን ስታይ ወዲያው ጫማዋን ታደርግ ነበር።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሣህን ልኬልዎታለሁ። ከዚህ ገበያ ነው የገዛሁት፣ የእኛው ግርሶር ቀርቷል። በደንብ አጥቤዋለሁ።

ባዶ ነው።